ለየጠባያችን የሚስማማ የሥራ ዕቅድ



በቀኑም ሆነ በማታው የጎልማሶች ክፍል ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ዕቅድ አወጣለሁ፤ ግን ከሦስት ቀን በላይ አይዘልቅልኝም። ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ሰነፎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከንጋት እስከ ምሽት ሲሯሯጡ የሚውሉ ናቸው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ስለ ዕቅድ ጥቅም ብዙ አንናገርም፤ ጥቅሙን የማያውቅ የለምና። የምንመለከተው የአንዱ ሰው ዕቅድ ለሌላው ለምን እንደማይሆን፣ እንዲሁም እያንዳንዳችን ለጠባያችንና ለዚህ ለካኩማ ኑሮ የሚስማማውን እንዴት እንደምናገኝ ነው።

«ስደተኛ ምን ሥራ አለው? ጊዜ ተርፎታል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ጊዜያችን ግን የተቆራረጠ ጊዜ ነው። ጠዋት በቦኖ ዙሪያ የጀሪካን ሰልፍ፣ የራሽን ቀን ሲደርስ ሙሉ ቀን፣ ልጅ ሲታመም ክሊኒክ፣ ቀጠሮ ሲኖር ቢሮ፤ ዝናብ ጥሎ የታራች ወንዝ ከሞላ ደግሞ ማዶ የነበረው ሰው እዚያው ይውላል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው «ፕሮሰስ» የምንለው መጠበቅ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች መቀበያ ፕሮግራሙን ባገደ ጊዜ፣ «ልሄድ ነው» ብለው ትምህርታቸውን ያቋረጡና ሱቃቸውን ለሰው ያስተላለፉ ሰዎች በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሌላው በሚቆርጥልን ቀን ላይ ብቻ ኑሯችንን ካሰርን፣ ቀኑ ሲሰረዝ እኛም አብረን እንሰረዛለን። ዕቅድ ያስፈለገንም ከዚያ ቀን ውጪ ያለው ጊዜ የራሳችን እንዲሆን ነው።

ስለ ጠባይ የተባለውና ያልተባለው

ሰውን በጠባዩ መመደብ የቆየ ነገር ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሰው ሥጋ ከአራት ባሕርያት፣ ማለትም ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከእሳትና ከነፋስ እንደተሠራ ይነገራል። በጥንት ግሪኮች ዘንድም የሕክምና ሰዎች የሰውን ጠባይ በሰውነት ውስጥ ባሉ አራት ፈሳሾች ያስረዱ ነበር። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ካርል ዩንግ የተባለው የስዊስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ሰው የጠባይ ዓይነቶች መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱም ተነሥተው ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍል መጠይቅ አዘጋጁ። ይህ መጠይቅ ዛሬ በስልክም ይገኛል፤ ወጣቶቻችን በአራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ራሳቸውን ሲጠሩ የምትሰሙት ከዚሁ የመጣ ነው።

መጠይቁን ለመዝናኛ መሙላት ክፋት የለውም። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ሲሞሉት ሌላ ዓይነት ሆነው እንደሚገኙ ታይቷል፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም በዚህ ምክንያት ይነቅፉታል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ልጁ «እኔ የዚህ ዓይነት ሰው ስለሆንኩ ቁጭ ብዬ ማጥናት አልችልም» ይላል፤ ፊደሉን እንደ ሐኪም ወረቀት ያቀርበዋል። ጠባይ የሚታወቀው በሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ዓይነታችሁን ከመጠይቅ ከመፈለግ ይልቅ የአንድ ሳምንት ውሏችሁን ብትጽፉ ይሻላል እላለሁ። አጻጻፉን መጨረሻ ላይ አሳያለሁ።

የቤንጃሚን ፍራንክሊን ሠንጠረዥ

በዕቅድ ስሙ ከሚነሣው ሰው እንጀምር። ቤንጃሚን ፍራንክሊን (እ.ኤ.አ. 1706-1790) አሜሪካዊ አታሚ፣ ሳይንቲስትና ፖለቲከኛ ነበር። በሕይወት ታሪኩ እንደጻፈው፣ 13 መልካም ጠባዮችን በትንሽ ደብተር ላይ መዝግቦ በየሳምንቱ በአንዱ ላይ ብቻ ያተኩር ነበር፤ በሳተ ቁጥር ነጥብ ያደርጋል። የቀኑንም ሰዓት ከፋፍሎ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት ይነሣል፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ለምሳ፣ ለንባብና ለሒሳብ፤ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት እንደገና ሥራ፤ ማታ 4 ሰዓት መኝታ።

ይህን ሠንጠረዥ ቀድተው ግድግዳ ላይ የለጠፉ ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ። አንዱ ተጠቀመበት፤ ሌላው በአራተኛው ቀን ቀደደው። የቀደደው ልጅ ከአራት ታናናሾቹ ጋር ያለ እናት የሚኖር ነው። ውሃ የሚቀዳ፣ ወጥ የሚሠራ፣ የሚያስታምም እርሱ ነው። ታዲያ ፍራንክሊን ራሱ ይህን ችግር ማወቁ የሚገርም ነው። ከ13ቱ ሁሉ ያስቸገረው «ሥርዓት» የሚለው እንደነበር ጽፏል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ጊዜው በእጁ ለሆነ፣ ለምሳሌ ተቀጥሮ ለሚሠራ አታሚ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ከሰው ጋር ለሚውል፣ ባለጉዳይ በፈለገው ሰዓት ለሚመጣበት ባለቤት ግን በትክክል መጠበቅ አይቻልም ይላል። ባለሠንጠረዡ ራሱ እንዲህ ካለ፣ ባለጉዳይ የሚበዛበት ሰው «እኔ ሥርዓት የለኝም» ብሎ ራሱን መውቀስ የለበትም። ዘዴውን መለወጥ ነው ያለበት።

ጊዜው በእጁ ላልሆነ ሰው

በካምፓችን ከሁሉ የሚበዛው ይህ ሰው ነው፤ በተለይ እናቶች። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ሰዎች ያሰቡትን ለምን እንደማይፈጽሙ ሲያጠና፣ «አጠናለሁ» ብሎ ከማሰብ ይልቅ «እንዲህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ይበልጥ እንደሚረዳ አሳይቷል። በእኛ ቋንቋ ብንናገረው ሥራን በሰዓት ሳይሆን በድርጊት ላይ ማሰር ነው። ከማታው ክፍል አንዲት እናት «ማታ 2 ሰዓት ላይ ንባብ እለማመዳለሁ» ብለው ወስነው ነበር። 2 ሰዓት ላይ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ጎረቤት ትመጣለች፣ መብራት ይጠፋል። ውሳኔውን ለወጡት፦ «ከቦኖ ተመልሼ ጀሪካኑን ካስቀመጥኩ በኋላ፣ ሌላ ነገር ሳልነካ፣ አሥር መስመር አነባለሁ።» ውሃ የማይቀዳበት ቀን የለም። ሰልፉ ቢረዝምም ቢያጥርም አሥሩ መስመር ከጀሪካኑ ጋር ይመጣል።

የማሰሪያው ድርጊት ሦስት ነገር ይፈልጋል። በየቀኑ የሚሆን ይሁን፤ እናንተው የምታደርጉት እንጂ ሌላ ሰው የሚያደርግላችሁ አይሁን፤ ሲያልቅም የሚታወቅ ይሁን። «ባለቤቴ ሲመጣ» የሚለው አይሠራም፤ ባለቤት ያመሻላ። «ምጣዱን ካወረድኩ በኋላ» የሚለው ይሠራል።

ለእንዲህ ያለ ሰው የወረፋ ሥራም ይጠቅማል። ወረፋ ላይ ሒሳብ መሥራት የሚችል ጥቂት ነው፤ ጫጫታው አእምሮ ይበትናል። የእንግሊዝኛ ወይም የስዋሂሊ ቃላት በታጠፈ ወረቀት ይዞ በቃል መያዝ ግን ይቻላል። ወረቀቱ በኪስ ወይም በነጠላ ጫፍ ይኑር።

ሰው ከሌለ የማይሠሩ

ለራሱ የገባውን ቃል የሚያጥፍ፣ ለሰው የገባውን ግን የማያጥፍ ሰው አለ። በእኛ ሰዎች መካከል ይህ ጠባይ ብዙ ይመስለኛል፣ እንደ ጉድለትም አላየውም። እቁብን ተመልከቱ። ብቻውን ሃምሳ ሺሊንግ ማስቀመጥ ያልቻለ ሰው፣ እቁብ ከገባ ብድር ወስዶም ቢሆን ዕጣው የደረሰውን ሰው አያሳፍርም። ገንዘቡ ያው የእርሱ ገንዘብ ነው፤ የተለወጠው የሚጠብቀው ሰው መኖሩ ነው።

ለትምህርትም እቁብ ይሠራል። ባለፈው ዓመት አምስት ተማሪዎች እንዲህ አደረጉ፦ እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ምዕራፍ አጥንቶ ቅዳሜ ለአራቱ ያስረዳል። ያላጠና ሰው የቡናውን ስኳር ይገዛል። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ስኳር የተገዛው። ከመካከላቸው አንዱ «ብቻህን አጥና» ስለው መጽሐፉን ከፍቶ መንገድ መንገድ የሚያይ ልጅ ነበር።

ይህ ዘዴ ጉዳትም አለው። ሰው ወዳድ የሆነ ሰው እምቢ ማለት ይቸግረዋል። ለቅሶ፣ ልደት፣ አስተርጓሚነት፣ የማኅበረሰብ ስብሰባ፣ ሁሉም እርሱ ላይ ይወድቃል። ቡናውም ከአቦል እስከ በረካ ነው። ቡና ይቅር አልልም፤ ካምፕ ውስጥ ቡና ባይኖር ኖሮ ስንቱ ያብድ ነበር። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ቀን «ዛሬ አቦልን ብቻ ጠጥቼ እነሣለሁ» ብሎ ሲቀመጡ መናገር ይቻላል። ሲነሡ ከተናገሩት ቅያሜ ነው፤ ሲቀመጡ ከተናገሩት ግን ማንም አይቀየምም።

ሌሎቹ ጠባዮች

መቀመጥ የማይችል፣ ሐሳቡ የሚበታተን ሰው ረጅም ሰዓት ለራሱ አይመድብ። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ የቲማቲም ቅርጽ ያለው የወጥ ቤት ሰዓት ሞልቶ 25 ደቂቃ ብቻ ያጠና፣ ከዚያ 5 ደቂቃ ያርፍ ነበር። ዘዴው ዛሬም በቲማቲሙ ስም ይጠራል። የስልክ ማንቂያ ይበቃል፤ ስልኩ ግን በክንድ ርቀት ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ አለዚያ አምስቱ ደቂቃ አንድ ሰዓት ይሆናል።

ሁሉን በራሱ ውስጥ ተሸክሞ የሚዞርና የሚረሳ ሰው፣ አንድ ደብተር ይያዝ። አንድ ብቻ። አሜሪካዊው ዴቪድ አለን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ የሚያስተምረው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሐሳብን ሁሉ ከራስ አውጥቶ በሚታመን ቦታ መጻፍና ለእያንዳንዱ ጉዳይ ቀጣዩን እርምጃ መለየት። «የልጁ ምዝገባ» ብሎ መጻፍ ጭንቀትን መጻፍ ነው። «ሐሙስ 3 ሰዓት ፎቶ ማስነሣት» ብሎ መጻፍ ግን ሥራ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሠንጠረዥ ወዳድ አለ። በማስመሪያ ያሰምራል፣ በሦስት ቀለም ይቀባል፣ ምሽቱ ያልቃል። ለእርሱ ምክሬ አጭር ነው፤ ማስመሪያውን ለታናሽ ወንድምህ ስጥና በቁራጭ ወረቀት ላይ ለነገ ሦስት ሥራ ብቻ ጻፍ።

የመጨረሻውን ቀን የሚጠብቅ ሰውም አለ። እንግሊዛዊው ኖርዝኮት ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 በጻፈው ጽሑፍ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ ያህል እንደሚለጠጥ በቀልድ መልክ ተናግሯል። ለዚህ ሰው ሦስት ወር መስጠት ጥቅም የለውም፤ ሁለት ወር ተኩሉን ይተኛበታል። በየሳምንቱ የሚያልቅ ትንሽ ሥራ ይፈልጋል፤ ቀኑንም ሌላ ሰው ይቁረጥለት፤ ለራሱ የቆረጠውን ቀን ራሱ ይሰርዘዋልና።

ማለዳ ሰውና ማታ ሰው

ሆርን እና ኦስትበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ሰው ማለዳ ወይም ምሽት ይነቃ እንደሆነ የሚለይ መጠይቅ አወጡ፤ እስካሁንም በጥናት ይሠራበታል። ልዩነቱ በከፊል ከተፈጥሮ ነው። በተለይ ወላጆች ልብ ልትሉት የሚገባው፣ በጉርምስና ዕድሜ የእንቅልፍ ሰዓት ወደ ምሽት መሸሹ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ማታ 5 ሰዓት ላይ ዓይኑ ቢፈጥ ጋኔን አልያዘውም። እኔ ማለዳ ሰው ነኝ፤ ከ11 ሰዓት በፊት ካልተነሣሁ ቀኑ ያመለጠኝ ይመስለኛል። ይህን በተማሪዎቼ ላይ ግን አልጭንም።

የሆነ ሆኖ በካኩማ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ማለዳ ሰውም ማታ ሰውም እኩል ነው። በዚያ ሰዓት ከባድ ነገር ልሥራ የሚል ከፀሐይ ጋር ይጣላል። ለእነዚያ አራት ሰዓታት ልብስ መስፋት፣ ደብተር መገልበጥ፣ መተኛትም ቢሆን ይመደብ። ማታ ሰው የሆነ ሰው መብራቱን ቀን ይሙላ፤ ወደ ጓደኛ ቤት ሄዶ ማጥናት ካስፈለገውም እዚያው ይደር፤ ለጥናት ተብሎ በጨለማ መንገድ መሄድ አያስፈልግም።

ስለ ሰዓት ከተነሣ አንድ ነገር ላክል። እኛ «2 ሰዓት» የምንለውን ጎረቤቶቻችን በስዋሂሊ «ሳአ ምቢሊ» ይሉታል። ሁለታችንም ከንጋት ስለምንቆጥር ቁጥሩ አንድ ነው። የቢሮ ማስታወቂያ ግን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ያንኑ ሰዓት 8:00 ይለዋል። 8:00 አንብቦ በእኛ 8 ሰዓት የሄደ ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቷል፤ ቢሮም ይህን አይረዳለትም። ስለዚህ የማንኛውንም ቀጠሮ ሰዓትና ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። ይህ ጠባይ አይለይም፤ ለሁሉም ነው።

መልመጃ

ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ለሰባት ቀን፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አራት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ ዛሬ ሳይታክተኝ የሠራሁት ምን ነበር፣ በስንት ሰዓትስ? ሁለተኛ፣ ጀምሬ የተውኩት ምን ነበር፣ ያስተወኝስ ሰው ነው፣ ሙቀት ነው፣ ወይስ ራሴ? ሦስተኛ፣ ስንት ሰዓት ጠበቅሁ፣ የትስ? አራተኛ፣ ለሰው ብዬ የሠራሁትና ለራሴ ብዬ የሠራሁት ይለያያል? ከሁለት መስመር በላይ አትጻፉ፤ መጻፍ የማትችሉ ለልጃችሁ ንገሩና ይጻፍላችሁ። ያልሠራችሁበትን ቀንም ባዶ አትተዉት፤ «አልሠራሁም» ብላችሁ ጻፉ።

በስምንተኛው ቀን ሰባቱን ገጽ አንብቡ። ያስተዋችሁ በአብዛኛው ሰው ከሆነ ድርጊት ላይ ማሰርን ሞክሩ። ያስተዋችሁ ራሳችሁ ከሆናችሁ እቁቡን ወይም 25 ደቂቃውን ሞክሩ። ሙቀት ከሆነ ሰዓቱን ለውጡ። ሁለት ዘዴ ባንድ ጊዜ አትጀምሩ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁትምና። አንዱን ይዛችሁ ሦስት ሳምንት ቆዩ። የጥናት እቁብ ለማቋቋም የምትፈልጉ፣ ከአምስት ሰው ባትበልጡ ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማን እንደሚያስረዳ በዕጣ ይውጣ፤ ስኳሩ ስንት እንደሆነም ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ።